ለሱሉልታዋ ጠያቂ፦ ትንፋሽ አትቁጠሩ፣ ወንበሩን ግድግዳ አስይዙ

“ሱሉልታ ላይ 15 ሆነን፣ አብዛኞቻችን እናቶች፣ የጽሞና ጸሎትን ከቀላል እንቅስቃሴ ጋር ልንጀምር ነው፤ ምን እንጠንቀቅ?” ላልሽው እህቴ፦

1. አዳራሹን ከዕድሩ ዳኛ ጋር ጨርሱ። ደብዳቤ ይዞ ቢሮ የሄደ ሰው “ስፖርት ነው ወይስ ጸሎት?” ይባላል። ስፖርት ሲል ወደ አንዱ ክፍል፣ ጸሎት ሲል ወደ ሌላው ይመሩታል፤ ሁለቱም ነው ካለማ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

2. እንቅስቃሴው ይቅደም፣ ዝምታው ይከተል። ከአንዱ ሰዓት 5 ደቂቃ ንባብ፣ 20 እንቅስቃሴ፣ 20 ጽሞና፣ የቀረው 15 ለመነሣትና ለማሳረጊያ። ከመዝሙር 46 ቁጥር 10 (“ዕረፉ፥ እኔም አምላክ እንደ ሆንሁ እወቁ”) ብቻውን ይበቃል። ምዕራፉን ሙሉ ካነበባችሁ የሚሰብክ አይጠፋም!

3. ትንፋሽ። ቡድን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ መሪው “አራት ሳቡ፣ አራት ያዙ” እያለ ሲቆጥር። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ትንፋሽ አምቆ መያዝ ደም ግፊት ላለበት አይሆንም። በጥልቀት ማቻኮሉ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከደም አሟጥጦ ያወጣና ራስ ያዞራል፣ ከንፈርና ጣት ያደነዝዛል። ይህን “መንፈስ ነካኝ” ብሎ የሚተረጉም ሰው ከተገኘ ቡድኑን መልሶ ማረጋጋት ከባድ ነው። ስለዚህ መሪው አይቁጠር። እጅ ከጭን ወደ ደረት ሲነሣ በልብ “ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ”፣ ሲወርድ “ማረኝ”፤ እያንዳንዱ በራሱ ትንፋሽ ልክ። ከራስ በላይ ማንሣት ግዴታ አይደለም። አንገትም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ብቻ ይዙር፣ ዙሪያውን አይሽከርከር። ስግደትን ከእንቅስቃሴው ጋር አትደባልቁት፤ ኦርቶዶክሶቹ በበዓለ ሃምሳ አይሰግዱም፣ ፕሮቴስታንቶቹም ግራ ይገባቸዋል።

መውደቅ የሚመጣው ግን ከጽሞናው በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ብድግ ሲባል ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ግፊት ይቀንሳል፤ የግፊት መድኃኒት በሚወስድና በጾመኛ ላይ ይብሳል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት 10 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ጡጫ ጨበጥ ፈታ። ከዚያ ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ፣ እግርን ወደ ኋላ ሰብሰብ፣ ተነሥቶ ወንበሩን እንደያዙ ሦስት ትንፋሽ። የዕድሩ የፕላስቲክ ወንበር ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፣ ጀርባውን ግድግዳ አስይዙት። ነጠላ ወገብ ላይ ይታሰር፤ ጫፉን ረግጦ የሚነሣ ሰው በግንባሩ ነው የሚሄደው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባዶ ሆዱን አይምጣ፤ ለማንኛውም ስኳር ያለው ሻይ በቴርሞስ ይቀመጥ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት አትቅጠሩ፣ ወለሉ በረዶ ነው፤ 3 ሰዓት ይሻላል። ጫማ ያወለቀ በካልሲ አይቁም፣ ያንሸራትተዋል። ሰሌን ይነጠፍለት፣ ጠርዙ እንዳይጠልፍ ደግሞ በፕላስተር ይለጠፍ።