«ባለጌ» ብሎ መሳደብ ንስሐ ያስፈልገዋልን?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ በእንግዳ ፊት ብትመላለሰኝ «ባለጌ!» አልኳት። ከዚያን ዕለት ወዲህ አኩርፋኛለች። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? ንስሐስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ እህታችን፣ «ባለጌ» ባለገ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ሁለት ትርጉምም ይሸከማል። አንደኛው ሥርዓት የጎደለው ማለት ነው፦ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫው የማይነሣ፣ ከገበታ ላይ ከሰው ፊት የሚያነሣ። ሁለተኛው ዝሙትንና አሳፋሪ ነገርን ይመለከታል፤ «የብልግና ፊልም» ስንል ይህኛውን ነው። እርስዎ የፊተኛውን አስበው ይሆናል፤ ለሴት ልጅ ሲነገር ግን ሰሚው የኋለኛውን ሊይዝ ይችላል። ልጅዎን የከበዳትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። («ስድ አደግ» ቢሏትማ ስድቡ አሳዳጊዋን፣ እርስዎን ራስዎን በነካ ነበር።)

ጌታ በማቴዎስ 5፥22 ወንድሙን «ጨርቃም»፣ «ደንቆሮ» የሚል ፍርድ እንደሚገባው ተናግሯል። «ባለጌ» እዚያ አልተጻፈም ብሎ ማምለጥ አይቻልም፤ የተከለከለው በቁጣ ሰውን ማዋረድ ነው። ጥፋቷን ዝም ብለው ይለፉ ማለት ግን አይደለም፤ ኤፌሶን 6፥4 ልጆችን በምክርና በተግሣጽ አሳድጉ ይላልና። «በእንግዳ ፊት እንዲህ መመለስ ነውር ነው» ቢሏት ሥራዋን ገሠጹ። «ባለጌ ነሽ» ሲሏት ግን ስም አወጡላት። ከሥራዋ መመለስ ትችላለች፤ ከስሟ ወዴት ትመለሳለች?

ስለዚህ አዎን፣ ንስሐ ያስፈልጋል። በማቴዎስ 5፥24 «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ተብሏልና መጀመሪያ ለብቻዋ ጠርተው ይቅርታ ይጠይቋት። «ግን አንቺም...» ብለው አይቀጥሉ፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ይቅርታው ተመልሶ ክስ ይሆናል። የእርሷን ጥፋት ሌላ ቀን ያንሡት። ከዚያ ለንስሐ አባትዎ ሲናዘዙ «ተሳድቤአለሁ» ብቻ አይበቃም፤ ማንን፣ ምን ብለው፣ በማን ፊት፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይናገሩ። አንድ ቀን ያመለጠ ቃልና በየዕለቱ የሚወርድ ስድብ ቀኖናቸው አንድ አይደለም።

እንግዳውም ስድቡን ሰምተዋልና ማረሚያውን ይስሙ፤ በስልክም ቢሆን «ያን ዕለት በንዴት ያልኩት ልጄን አይገልጻትም» ይበሏቸው።