«ክሬሙ አይብ ሆነብኝ» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የምትጠይቁኝ ሁሉ በነጭ ወይንና በክሬም ስለሚሠራ ዶሮ ነው። ዶሮ ወጥ ምን በደላችሁ? ለማንኛውም እንቀጥል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ናት። የባለቤቷን አለቃ እራት ጠርታ ክሬሙን ስትጨምር አይብ ሆነባት። የሐበሻ ዶሮውም አልበስል ብሎ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አስጠበቃቸው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዶሮውን እንደ ወጥ ዶሮ በሎሚና በጨው ዘፍዝፈሽው ነበር አይደል? ሎሚውም ወይኑም ኮምጣጣ ናቸው። ክሬም ከኮምጣጣ ጋር ሲፈላ ይቋጠራል። ዶሮውን በደንብ አለቅልቂው፤ አድርቀሽ በቅቤ ጥበሺው። ወይኑን ጨምሪና ግማሹ እስኪቀር ይንተክተክ። ክሬሙ መጨረሻ ላይ ይገባል፦ ድስቱን አውርደሽ፣ ከትኩሱ መረቅ በጭልፋ ክሬሙ ላይ ጠብ እያደረግሽ ለብ ካደረግሽው በኋላ። ከዚያ ወዲያ እንዳይፈላ። ስስ ወተት ቶሎ ይቋጠራል፤ ቅባቱ የበዛውን ክሬም ምረጪ።

አልበስል ያለው በከተማሽ ከፍታም ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ከቀትር ጀምሮ ጣጂው። ካልሆነ የፈረንጅ ዶሮ ግዢ።

ጥያቄ፦ ወይን ባጣ በአረቄ ልተካው? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! አረቄውን ለእንግዶቹ ቅዳላቸው።

ጥያቄ፦ ቤት ያለኝ ጉደር ነው። ቀይ ወይን አይሆንም?

መልስ፦ ይበላል፤ መልኩ ግን አመድማ ሐምራዊ ይሆንብሻል። ጉደሩን ለጠረጴዛው አስቀምጪው። ለድስቱ ስኳር የሌለው ነጭ ይሻላል። የቱ እንደሆነ ባለሱቁ ይንገርሽ።

ጥያቄ፦ የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን ደግሞ «አልኮሉ ተንኖ ያልቃል፤ ወይን አለበት ብዬ ሰው ለምን አስበረግጋለሁ?» ይላል። ከእንግዶቹ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ አንዱ መድኃኒት ጀምሯል፣ አንዱ ሙስሊም ጎረቤቱ ነው።

መልስ፦ አያልቅም! የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ እንደሚያሳየው ለ30 ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ 35 በመቶው ይቀራል፤ ከ1 ሰዓት በኋላም 25 በመቶው። አንድ ብርጭቆ ወይን ለአራት ሰው ሲካፈል ማንንም አያሰክርም፤ እሱ ልክ ነው። ግን ስለ ስካር ማን አወራ? እንግዳህ አምኖህ ነው አፉን የሚከፍተው። ሳይቀርብ በፊት ንገራቸው፣ አለቀ።

ጎረቤትህን በተመለከተ፣ ዶሮውን ማን አረደው? አንተ ከሆንክ ወይን ባይኖረውም አይበላውም። ይህንን ሸዋ ሮቢት ተቀምጠህ እኔ ልንገርህ? እሱ ያረደውን በሌላ ድስት፣ ያለ ወይን ሥራለት፤ መረቅና ክሬም ይበቃዋል። ነፍሰ ጡሯም ከዚያው ትብላ። መድኃኒት የጀመረው ግን ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ሳይጠይቅ እንዳይቀምስ፤ አደራ! እንደ ሜትሮኒዳዞል ያሉት ከአልኮል ጋር እንዳይወሰዱ ማስጠንቀቂያ አላቸው። መጠጥ ያቆመ ሰው ካለም «ለምን አትበላም?» ብለህ አታፋጠው። «በሞቴ»ውንና ጉርሻውን ለሌላ ቀን አቆየው።

ጥያቄ፦ እንግዶቼ የሚመጡት ረቡዕ ነው። ጾመኛ ቢኖርስ?

መልስ፦ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ክሬም... ምኑን ልተካልሽ? ሐሙስ አድርጊው።