የውጤት ልኬትን ከመዝገቡ መጀመር

ውድ እኅታችን፣ «የነርሲንግ የተግባር ዶክትሬት ተማሪዎች የፕሮጀክታቸውን ውጤት መለካት እንዴት ይማሩ? ተማሪዎቼ የሠሩትን ይቆጥራሉ እንጂ በታካሚው ላይ የመጣውን ለውጥ አያሳዩኝም» ብለው ላቀረቡት ጥያቄ ከልምዴ ልመልስ። እኔ የማስተምረው በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለልምምድ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወጡ የድኅረ ምረቃ ነርሶችን ነው። የዶክትሬቱን መመዘኛ ግን የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር ካወጣቸው ሰነዶች ተከታትዬዋለሁ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ሰነድ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ 1,000 የተግባር ሰዓት ይጠይቅ ነበር፤ የ2021ዱ ደግሞ በ10 ዘርፎች በሚታይ ብቃት ላይ ተመሥርቷል። በእኔ እምነት ሁለተኛው ይሻላል፤ ሰዓት መሙላት ብቻውን ማንንም መለካት አያስተምርምና።

የእኔም ተማሪዎች «ለ60 የደም ግፊት ታካሚዎች ትምህርት ሰጥተናል» እያሉ ይመጡ ነበር። ይህ ሂደት ነው እንጂ ውጤት አይደለም። ሐኪሙ አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 የሕክምና ጥራትን በመዋቅር፣ በሂደትና በውጤት ከፍሎ ካሳየ ወዲህ ልዩነቱ የታወቀ ቢሆንም፣ ትርጓሜውን በቃሉ የያዘ ተማሪ ሁሉ መዝገብ ፊት ሲቀመጥ ይለየዋል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከስታቲስቲክስ በፊት መዝገቡን አስቀድማለሁ። ሁለት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ የአንድ ወር የክትትል መዝገብ ይቆጥራሉ፤ ጥያቄው ግፊታቸው ከ140/90 በታች የሆነ ታካሚዎች ስንት ናቸው የሚል ነው። አንድ ጊዜ አንደኛዋ 31 ከ44፣ ሁለተኛው 31 ከ58 ብለው መጡ። ላዕሉ አንድ ሆኖ ታህቱ ተለያየ፤ የእርሷ 70 ከመቶ፣ የእርሱ 53 ከመቶ ሆነ። መዝገቡን ገልጠን ስናይ፣ «መድኃኒቱን ልጁ ወስዷል» ተብሎ በእርሳስ የተጻፈላቸውና ጭራሽ ያልመጡ 14 ሰዎች ነበሩ፤ እርሷ አስወጥታቸዋለች፣ እርሱ ይዟቸዋል። ያልመጣ ሰው ግፊቱ ተስተካክሎለታል ወይስ አልተስተካከለለትም በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተወያየን። በመጨረሻ የተመዘገበ ሁሉ በታህቱ ውስጥ እንዲቆይ፣ ያልተለካውም ለብቻው እንዲገለጽ ተስማምተን ውሳኔውን በጽሑፍ አሰፈርን። ከዚያ ቀን ወዲህ «ተግባራዊ ትርጓሜ» የሚለውን፣ ማለትም ማን እንዴት እንደሚቆጠር አስቀድሞ የመወሰንን ርዕስ በሌላ መንገድ አስተምሬ አላውቅም።

ቀጥሎ በባለካሬ ወረቀት ላይ፣ በእጃቸው፣ የየወሩን ውጤት ነጥብ እያደረጉ ራን ቻርት፣ ማለትም ውጤቱ በጊዜ ሂደት ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳይ የመስመር ግራፍ ይሠራሉ። ከሥራው በፊትና በኋላ የተወሰዱ ሁለት ቁጥሮች ብቻ የተለመደውን የወር ከወር መዋዠቅ እንደ ለውጥ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ተከታታይ ነጥቦች ከመሐል ከፋዩ (ነጥቦቹን ከላይና ከታች እኩል ከሚከፍለው መስመር) በአንድ በኩል ሲውሉ ግን መንስኤ መፈለግ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ የእኛን የዘመን አቆጣጠር ያስታውሷቸው፤ ታካሚዎችን በቁጥር የምታሳይ አንዲት ተማሪ ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ይዛ መስመሩ ሲያሽቆለቁል ምክንያቱን ስትፈልግ ሰንብታለች፤ ያሽቆለቆለው ግን ወሩ የ5 ቀን ስለሆነ ብቻ ነበር።

ከዋናው መለኪያ ጎን አንድ ሚዛን ጠባቂ መለኪያ፣ ማለትም ሥራው በሌላ በኩል ጉዳት እንዳያመጣ የሚከታተል መለኪያ መኖሩንም አይርሱ፤ ለደም ግፊት ሥራ ሲነሡ የሚያዞራቸውን ታካሚዎች ማስቆጠር ይበቃል።

ነጥብ አሰጣጡን በተመለከተ፣ ውጤቱ በመሻሻሉ ምክንያት ማርክ አይስጡ። ያን ካደረጉ ተማሪው ያልመጡትን ከታህቱ ማውጣት ይጀምራል። እኔ የማርኩን ትልቁን ድርሻ የምሰጠው፣ እርሱ በጻፈው ትርጓሜ ብቻ ተመርቶ የክፍል ጓደኛው ያንኑ መዝገብ ሲቆጥር ያንኑ ቁጥር ላገኘለት ተማሪ ነው።