ድክ ድክ ለሚሉ ልጆች የካርቱን ልደት በቤት፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ስለ ልጆች ልደት ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። እዚህ ጅማ ለራሴ ሦስት ልጆችና ለጎረቤት ልጆች ልደት ሳዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል። ኬኩንም ጌጡንም የምሠራው በእጄ ነው። የጠየቃችሁኝ በአብዛኛው 1 ወይም 2 ዓመት ስለሚሞላቸው ልጆች ስለሆነ መልሴም ለእነሱ ነው።

ልጄ 2 ዓመት ልትሞላ ነው። የምትወዳቸው ካርቱኖች ብዙ ናቸው። ሁሉንም ላስገባ? (እናት፣ ጊንጆ)

አይ እህቴ፣ አንዱን ብቻ ምረጪ። በዚህ ዕድሜ ግድግዳው በሥዕል ሲጨናነቅ ልጅ አንዱንም ለይቶ አያይም። አንድ የሚያውቀውን ፊት በየቦታው ሲያገኝ ግን በጣቱ እያሳየ ስሙን ይጠራል። የልደቱ ደስታ ለእሱ ይኸው ነው።

ለእጅ ሥራ በጣም የሚቀለው ሚኪ ማውስ ነው። ሦስት ክብ ነው በቃ። ለጭንቅላቱ ትልቅ ሰሃን፣ ለጆሮዎቹ የስኒ ማስቀመጫ ጥቁር ወረቀት ላይ ደፍተሽ ዙሪያውን አስምሪና ቁረጪ። እኔ ግን ከሁሉም የምወዳት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ያለችውን የ6 ዓመቷን ቀጭኔ ፀሐይን ነው። እርግጥ እሷ አሻንጉሊት ናት፤ ልጆቹ ግን ከካርቱን አይለዩዋትም። ደግሞም በራሳችን ቋንቋ ነው የምታወራቸው።

የልደት ጌጥ ዋጋው አይቀመስም። በትንሽ ገንዘብ ምን ልሥራላት? (አባት፣ አጂፕ)

ወንድሜ፣ ቀጭኔዋን እንሥራ። ከሱቅ ትልቅ ካርቶን ጠይቅ። ዘርግተህ ረጅም አንገት፣ ሁለት ጆሮና ሁለት አጫጭር ቀንድ በእርሳስ ሣልበትና ቁረጠው።

ለቀለሙ ገበያ መውጣት አያስፈልግም። ሁለት እፍኝ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጥ። እሳት ላይ እያማሰልክ ሙጫ እስኪመስል አብስለው። ግማሹ ላይ እርድ ጨምርበት፤ ደማቅ ቢጫ ይወጣል። በሌላኛው ግማሽ ውስጥ ደቆ የተወቀጠ ቡና ለውስ፤ የቀጭኔው ቡናማ ነጠብጣብ እሱ ነው። ቢጫው በደንብ ሳይደርቅ ቡናውን አትቀባ፣ ይደባለቃል። የቡና አገር ልጅ በቡና የተቀባ ቀጭኔ ሲኖራት ደስ ይላል፤ ቤቱም ያውዳል።

ዙሪያውን የሙዝ ወይም የኮባ ቅጠል አቁምበት። መሬቱ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዝ። በል፣ ጫካው ተሠራ።

ፊኛ ስንት ያስፈልገናል?

ጥቂት፣ ያውም ከፍ ብሎ የተሰቀለ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ልጅ አፍ ውስጥ ከገባ ጉሮሮውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ያልተነፋውም እንደዚያው ነው። አንዱ ከፈነዳ ሌላውን ሥራ ትታችሁ ቁርጥራጩን ልቀሙ።

ኦቨን የለኝም። ኬኩን በምን ልጋግር? መብራቱም አይታመንም። (እናት፣ መርካቶ)

በድስት ነው የምትጋግሪው፤ እኔ ለዓመታት የጋገርኩት እንዲሁ ነው። ወፍራም ትልቅ ድስት ውሰጂ። ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ጨው ወይም የታጠበ ደረቅ አሸዋ አድርጊ። በላዩ ላይ ትንሽ የብረት ማስቀመጫ አኑሪ። ከድነሽ 10 ደቂቃ ያህል አሙቂው። ከዚያ ኬኩን በቅባት በተቀባ ዕቃ አስገብተሽ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭነሽ፣ በለስላሳ እሳት ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ተዪው። ለግማሽ ሰዓት ክዳኑን እንዳትነኪ! አየር ከገባ ይሟሽሻል። ስንጥር ስትወጊው ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል። በከሰል ከሆነ ደጅ አድርጊው። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ለክሬሙ የገበታ ቅቤና በወንፊት የተነፋ የስኳር ዱቄት ይበቃል። ሮዝ ከፈለግሽ ጥቂት የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ቢጫ ከፈለግሽ ቁንጥር እርድ። እርድ ከበዛ ወጥ ወጥ ይላል።

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ልደት የሚውለው በጾም ነው። ጎረቤቶቻችን ደግሞ እስላምም ክርስቲያንም ናቸው። ምን ይሻላል? (አያት፣ ፈረንጅ አራዳ)

እማማ፣ ሥጋ የሚባል ነገር አያስገቡ፤ ያን ጊዜ ከማዕዱ የሚቀር ሰው አይኖርም። ኬኩንም የጾም ያድርጉት። 1 ተኩል ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይደባልቁ። 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቸቶና 1 ኩባያ ውሃ ይጨምሩና ሳይውል ሳያድር ወደ እሳቱ። እንቁላሉን ተክቶ የሚያነሳው ሶዳውና አቸቶው ሲገናኙ የሚፈጥሩት አየር ነው፤ ከቆየ ይጠፋል። አቸቶው ጣዕሙ ላይ አይታወቅም። ካካዎው ስለሚያጠቁረው ለሚኪ ጆሮ ሌላ ቀለም አይፈልጉም።

ልጄ 1 ዓመት ሊሞላው ነው። ኬኩን በስኳር ፈንታ በጅማ ማር ብሠራውስ?

ማራችን የታወቀ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር ጨርሶ መቅመስ የለበትም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሕዋሲ ሕፃን አንጀት ውስጥ ገብቶ መርዝ ይፈጥራል፣ ጡንቻ ያዝላል። ኬክ ውስጥ ስለበሰለም አይጠፋም። የልደቱ ቀን አንቺ ቤት ከሚመጡት ውስጥ ከእሱ የሚያንሱ ሊኖሩ ስለሚችሉ በስኳሩ ግፊበት።

ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ደረቅ ከረሜላም ለትንንሾቹ አይቅረቡ፤ ያንቃቸዋል። ለቡናው ፈንዲሻ የግድ ከሆነ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ይምጣ። ለእነሱ የበሰለ ሙዝ፣ ፓፓያና አቮካዶ ቆራርጪላቸው።

አጎቱ የካርቱን ጭምብል አድርጎ ቢገባ ደስ አይለውም?

አይመስለኝም። የመጀመሪያ ልጄ 2 ዓመት ሲሞላው ባለቤቴ ከካርቶን የሠራነውን ትልቅ ጭንቅላት አጥልቆ ገባ። ልጄ ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ኬኩ እስኪቆረስ ከጉያዬ አልወጣም። አባቱ አውልቆ ቢያሳየውም ለቀናት በሩን እያየ ያለቅስ ነበር። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። በስክሪን ጣት የምታህለው ነገር በድንገት ቤቱን ሞልታ ስትገባ ልጅ ይደነግጣል። ጭምብሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። አጎቱ በራሱ ፊት ይግባ።

ስንት ሰው ልጥራ? በስንት ሰዓት? ጎረቤት ካልተጠራ ደግሞ ይቀየማል።

ልጆች ከአራት አምስት አይብለጡ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 5 ተኩል ጥሩ ነው፤ የቀን እንቅልፋቸው ሳይመጣ ያልቃል። ሻማው ቶሎ ይለኮስ፣ የደከመ ልጅ እፍ አይልም። ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ለቡና ይጠራ። ድፎ ዳቦ ይቆረስ፣ ከልጁ ኬክም ይቀመስ። እንዲህ ሲሆን የሚቀየም ሰው አላጋጠመኝም።

ምን እናጫውታቸው?

ባዶ ካርቶን ስጧቸው። ይገቡበታል፣ ይወጡበታል። በዚህ ዕድሜ ውድድርና ሽልማት ልቅሶ ነው የሚያመጣው።

ግቢ ውስጥ ድንኳን ልትከል ወይስ ቤት ይሻላል? (አባት፣ ቆጪ)

ቤት ውስጥ ይሁን። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ በጋ ነው ብለህ አትመነው። ሶፋውን ወደ ግድግዳ አስጠጋ፣ መሃሉን ልቀቅላቸው፣ የቡናውን ረከቦት ሌላ ክፍል አግባ። በእርድ የተቀባችውን ቀጭኔ ደግሞ ደጅ እንዳታወጣት። አንዴ ካፊያ ከነካት ቢጫው ተዘርግፎ ይወርዳል።