ልጆቹ ጣና ይዋኙ ወይ?

ጥያቄ፦ የታናሽ እህቴ ሦስት ልጆች ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ትልቁ 14 ዓመቱ ነው፤ ዋና የተማሩት በሆቴል ገንዳ ነው። «ጣናን ሳንዋኝ አንመለስም» ብለዋል። የትኛው ዳርቻ ይሻላቸዋል? በስንት ሰዓትስ ልውሰዳቸው? (አክስት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህታችን፣ የትኛውም ዳርቻ አይሻላቸውም። ጣናን በጀልባ ያሳዩአቸው፤ ዋናው እንደለመዱት በገንዳ ይሁን።

ዋነኛው ምክንያት ቢልሃርዝያ የተባለው የትል በሽታ ነው። የትሉ እጮች ከትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥተው ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ የሰው ቆዳ ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የሚኖሩት ደንገልና ሣር በበዛበት፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ልጆች የሚንቦራጨቁትም እዚያው ነው። እጮቹ በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ስትጠነክር፣ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ነው። ቶሎ በፎጣ መደራረቅ አያስተማምንም።

ሳያዩአቸው ከገቡ በማግስቱ መድኃኒት አይግዙ። ፕራዚኳንቴል ያደገውን ትል ይገድላል፤ ለጋውን ግን በደንብ አይነካውም። ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይደረግ። ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ሳል ወይም ሽፍታ ከመጣ ግን ሳይዘገዩ ይታከሙ፤ ጣና መግባታቸውም ለሐኪሙ ይነገረው። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ካልነገሩት ላይጠረጥር ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማዕበል አለ። የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከውሃው ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ባሕር ዳር ደቡብ ጫፍ ላይ ስላለች ሰሜኑ ሲነፍስ ማዕበሉ ሐይቁን አቋርጦ ይደርሳል። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥምና ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ነው፤ አንዱን አሳልፈው ሳይተነፍሱ ሌላው ፊትዎ ላይ ነው። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ የሰመጠ ልጅ ከላይ አይታይም።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አካባቢ ጨርሶ ይራቁት። ጉማሬ አለ፤ ከጨረጨራ ግድብ በታች ደግሞ በሮቹ ሲከፈቱ ወንዙ ዝናብ ሳይኖርም ይሞላል።

ለጀልባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይነሱ፤ ዘጌ ሄደው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይተው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይመለሱ። መቀመጫ ሥር የተቆለለ የሕይወት አድን ጃኬት ማንንም አያድንም። ለየልጁ አልብሰው፣ ማሰሪያውን አጥብቀው፣ ትከሻውን ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት። ጃኬቱ አገጩን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል፤ ውሃ ውስጥ ይወልቃል።

ጥያቄ፦ ሰው ሲሰምጥ ባይና ዋና ባልችል ምን ላድርግ? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ አይግቡ። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ ጨብጦ ወደ ታች ይጫናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ትንሽ ውሃ ጨምረው (ባዶውን ነፋስ ይመልሰዋል)፣ ክዳኑን ዘግተው፣ ገመድ አስረው ይወርውሩለት። ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው ያስተኙት፤ አፍንጫውን ይዘው በአፉ 5 ጊዜ ይተንፍሱለት። ከዚያ የደረቱን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት 30 ጊዜ ይጫኑ፣ 2 ጊዜ ይተንፍሱለት፤ እርዳታ እስኪደርስ ይደጋግሙት። ውሃ ለማስወጣት ብለው ሆዱን አይጫኑ፣ አይዘቅዝቁትም፤ ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል።