ካርታ ስትጫወቱ የቀረውን ቁጠሩ

ልጆቼ፣ ሙያዬ መድን ነው። ፀጉሬ የሸበተው ለገሃር አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ የመኪና አረቦን፣ ማለትም ደንበኛው ለመድን የሚከፍለውን ዋጋ፣ ስተምን ነው። ሥራው ከውጭ ሲያዩት የተወሳሰበ ይመስላል። ዋናው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ከስንቱ ስንቱ? የየትኛው ደንበኛ መኪና እንደሚጋጭ ማንም አያውቅም። ከሺህ መኪና በግምት ስንቱ እንደሚጋጭ ግን ከመዝገብ ይገኛል።

አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ይህን ማስረዳት ሲኖርብኝ ከመሳቢያዬ ካርታ አወጣ ነበር። አንዳንዶቹ ይደነግጣሉ። እኛ አገር ካርታ የያዘ ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ ቁማርተኛ። ይባል። ለፕሮባቢሊቲ፣ ለዕድል ስሌት ማለቴ ነው፣ ግን ከ52 ካርታ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ምክሬን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስለ ዕድላችሁ ከማውራታችሁ በፊት የወጣውን እዩና የቀረውን ቁጠሩ።

ኮንከር፣ የአንድ ዓይነት ተከታታይ ካርታ በመደዳ የሚሞላበትን ጨዋታ፣ የምትጫወቱ ቶሎ ይገባችኋል። በእጃችሁ የልብ 7 እና 8 አለ እንበል። መደዳው በሁለት በኩል ክፍት ነው፤ 6 ቢመጣም 9 ቢመጣም ይሞላል። 7 እና 9 ብትይዙ ግን የሚያድናችሁ መሃሉ ላይ ያለው 8 ብቻ ነው። ስሌቱ እንዲቀለን አንድ ፓኬት ካርታ ብቻ ነው፣ ጆከርም የለም እንበል። 13 ካርታ በእጃችሁ አለ፤ ሌሎች ዘጠኝ ካርታዎች ደግሞ ተገልጠው ጠረጴዛ ላይ ይታያሉ፤ የምትጠብቁት ካርታ ከነሱ ውስጥ የለም። ያላያችሁት 30 ነው። ከ30ው ሁለቱ ይጠቅሟችኋል፤ አንዴ ስትስቡ ዕድላችሁ ከ15 አንድ ነው ማለት ነው። መሃሉን ለሚጠብቅ ከ30 አንድ።

ሦስት ጊዜ ብትስቡስ? እዚህ ላይ አቋራጭ አለ። የማግኘቱን ትታችሁ ያለማግኘቱን አስሉ። መጀመሪያ 28/30፣ ቀጥሎ 27/29፣ ከዚያ 26/28። ሲባዛ 0.81 ገደማ ይሆናል። የማግኘት ዕድላችሁ እንግዲህ 19 በመቶ ነው። መሃሉን የሚጠብቀው 10 በመቶ ይዞ ይቀራል። በየጊዜው የታችኛው ቁጥር በአንድ እንደሚቀንስ ልብ በሉ። የተሳበ ካርታ አይመለስማ።

«ያቺ 6 ሌላ ሰው እጅ ብትሆንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እስካላወቃችሁ ድረስ ከ30ዎቹ አንዷ ናት፤ የት እንዳለች ሂሳቡን አይለውጠውም። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው የልብ 5 ከመሬት ሲያነሳ ካያችሁ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እሱም 6ን ሳይፈልጋት አይቀርም። ጥሩ ተጫዋች ከራሱ እጅ ይልቅ ሰው የሚያነሳውንና የሚጥለውን ያያል።

ትምህርት ቤት ኮምቢኔሽን፣ ከብዙ ነገር ጥቂቱን በስንት ዓይነት መምረጥ እንደሚቻል መቁጠር፣ ሲመጣ ፎርሙላውን ሸምድዳችሁ ያለፋችሁ ትኖራላችሁ። ለጊዜው ተዉት። አምስት ካርታ ዘርጉና ሦስት ምረጡ። ለመጀመሪያው 5፣ ለሁለተኛው 4፣ ለሦስተኛው 3 ምርጫ አላችሁ፤ ሲባዛ 60። ግን በእጅ ያለ ካርታ ተራ የለውም። ያው ሦስቱ ካርታ በ6 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊመጣ ስለሚችል እያንዳንዱን ስድስት ጊዜ ቆጥራችሁታል። 60 ለ6፣ 10። በቃ፣ ኮምቢኔሽን ማለት ይኸው ነው። ከ52 አምስት ስትመርጡም ያው ነው፤ 52 በ51 በ50 በ49 በ48 ይባዛል፣ ለ120 ይካፈላል። መልሱ 2,598,960 ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አስ የሌለባቸው 1,712,304 ናቸው። ወደ 66 በመቶ። «ዛሬ አስ ጠልቶኛል» እያለ የሚያማርረው ጓደኛችሁ የደረሰበት ነገር ከሦስት እጅ በሁለቱ የሚያጋጥም ነው።

ስታዲየም አካባቢ ሎተሪ አዟሪ አጠገብ ትንሽ ቁሙ። «ይሄ ቁጥር አያምርም፣ ሌላ አምጣ» የሚል ገዢ አታጡም። አዟሪውም ሳይከራከር ይቀይርለታል። ካርታም ላይ ይኸው አመል አለ። ከ10 እስከ አስ በልብ የተደረደረ እጅ ሲመጣ ሰው ይጮኻል። ያቺ እጅ ከ2,598,960 አንዷ ናት። ትናንት ንቃችሁ የጣላችኋት ዝብርቅርቅ እጅም ካርታ በካርታ ብትቆጠር ከ2,598,960 አንዷ ናት።

አሁን ሰው ወደሚሳሳትበት ቦታ ልምጣ። ካርታ ያለፈውን ያስታውሳል፤ ሳንቲም ግን አያስታውስም። አራቱም አስ ከወጡ አምስተኛ አይመጣም፤ እስኪበወዝ ድረስ። ሳንቲም ግን አምስቴ ዘውድ ቢወድቅ ስድስተኛውም ያው ግማሽ በግማሽ ነው። «አሁንስ ተራው የጎፈሩ ነው» ማለት ሳንቲሙን እንደ ካርታ መቁጠር ነው። መድን ላይም ይገጥመኝ ነበር። ባለፈው ወር የተጋጨ ደንበኛ «የዘንድሮዬን ጨርሻለሁ፣ አረቦኑን ቀንስልኝ» ይለኛል። ቀለበት መንገዱ ግን እሱን አያውቀውም። ሌላው ደግሞ ሁሉን ለአርባ ቀን ዕድሉ ሰጥቶ ቁጭ ይላል። እሱን ማስረዳት እንኳ ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ1654 ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የሂሳብ ሊቃውንት አንድ የቁማር ጥያቄ ይዘው ደብዳቤ ተጻጻፉ። እኔ እስከ ዛሬ የምወደው ጥያቄ ነው። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 32 ፒስቶል፣ የዚያን ዘመን የወርቅ ገንዘብ፣ አስይዘዋል። ሦስት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ 64ቱን ይወስዳል። አንዱ ሁለት፣ ሌላው አንድ ካሸነፈ በኋላ ጨዋታው ተቋረጠ፤ እኛ ሰፈር ቢሆን መብራት ጠፋ በሉት። ገንዘቡ እንዴት ይከፈል? ብዙ ሰው «ሁለት ለአንድ» ብሎ ይፈርዳል። ፓስካል የሚቀጥለውን ጨዋታ አየ። መሪው ቢያሸንፍ 64ቱም የሱ ነው። ቢሸነፍ ሁለት ለሁለት ይሆኑና 32፣ 32 ይካፈላሉ። ስለዚህ 32ቱ በየትኛውም መንገድ የመሪው ነው። የሚያከራክረው ሌላው 32 ብቻ ነው፤ እሱም እኩል ይከፈላል። ለመሪው 48፣ ለሌላው 16። ያለፈው ጨዋታ የሚቆጠረው ወደፊት በቀረው ላይ ባመጣው ለውጥ ብቻ ነው።

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በየካፌው ጥግ የስፖርት ውርርድ ቲኬት ይዛችሁ ስልክ ላይ ስታፈጡ አያለሁ፤ እዚያም ላይ ልንገራችሁ። አሥር ጌም በአንድ ቲኬት ቆረጣችሁ እንበል፤ የምታሸንፉት አሥሩም ሲገቡ ብቻ ነው። እያንዳንዱ 70 በመቶ ይገባል፤ ይህ በጣም ጥሩ ግምት ነው። አሥሩም አንድ ላይ የመግባታቸው ዕድል 0.7 አሥር ጊዜ ሲባዛ ነው፤ 2.8 በመቶ። በትክክል ዘጠኙ የመግባታቸው ዕድል ግን 12 በመቶ ነው። አያችሁ? «በአንድ ጌም ተቃጠለብኝ» የምትሉት ከማሸነፍ አራት እጥፍ በላይ የሚያጋጥም ተራ ነገር ነው። ለማሸነፍ የተቃረባችሁ ይመስላችኋል፤ ግን አልተቃረባችሁም።

ኦዱንም እዩ፤ ያስያዛችሁት ብር ስታሸንፉ በስንት ተባዝቶ እንደሚከፈላችሁ የሚነግራችሁን ቁጥር ማለቴ ነው። ግማሽ በግማሽ የሆነ ነገር 2 መክፈል ሲገባው 1.90 ቢከፍል አወራራጁ ቤት ከእያንዳንዱ ብር 5 ሳንቲም ወስዷል። አሥር እንዲህ ያሉ ጌሞች ስትደራርቡ 0.95 አሥር ጊዜ ይባዛል። ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 60 ነው። እኔ አረቦን ስተምን የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ዋጋ አውጪው ከየት እንደሚያተርፍ አውቃለሁ። የቤት ኪራያችሁን እንዳትነኩ።

አሁን አንድ ፓኬት ካርታ ፈልጉና ይህን ሞክሩ። በደንብ በውዙና ሁለት ካርታ ሳቡ። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ለምሳሌ ሁለቱም ልብ ወይም ሁለቱም አበባ፣ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? የመጀመሪያው ምንም ቢሆን ግድ የለም። ከዚያ በኋላ 51 ቀርቷል፤ ከሱ ጋር የሚገጥመው ደግሞ 12። 12/51፣ 23.5 በመቶ። ሩብ ብሎ የመለሰ ሰው ካለ በእጁ የያዛትን ካርታ ረስቷታል።