ክሪቲካል ፓዝ ለኩሽና ይሰራል፤ ግን መጀመሪያ ምድጃውን ቁጠሩ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላነበበው ባጭሩ ልድገመው። ድሬዳዋ ላይ ሰባት ሆናችሁ ለ60 ሰው ምሳ ትሰራላችሁ። ሁለት ትልልቅ የጋዝ ምድጃ አላችሁ። ምሳው 6 ሰዓት ተኩል መቅረብ አለበት። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁም ታረፍዳላችሁ። ኃላፊያችሁ ሁለት ሰው ልጨምር ብሏል፤ አንቺ ደግሞ ከዚያ በፊት ክሪቲካል ፓዝ የሚባለውን፣ ረጅሙን የስራ ሰንሰለት ፈልጎ ሰዓት የማውጣት ዘዴ፣ ብንሞክርስ አልሽ። በሚቀጥለው ወር ሐረር ላይም ድግስ አለባችሁ።

የኔ መልስ፦ ሰዎቹን ለጊዜው ይተዋቸው። ስራዬ ኮንስትራክሽን ላይ የስራ ፕሮግራም ማውጣት ነው። እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር በእድራችን የድግስ ኮሚቴ ውስጥም ስላለሁ ዘዴውን በሲሚንቶም በሽንኩርትም አይቼዋለሁ። ዘዴው የመጣው ከፋብሪካ ነው። በፈረንጆቹ 1957 አካባቢ የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንድ ኩባንያ ጀምስ ኬሊ ለኬሚካል ፋብሪካ ግንባታና ጥገና ያወጡት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንዱ ስራ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመርባቸውን ስራዎች በተራ ታያይዣለሽ። ከሁሉ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ሰንሰለት የማለቂያውን ሰዓት ይወስናል። እሱ ላይ 10 ደቂቃ ከባከነ ምሳው 10 ደቂቃ ይዘገያል። ሌላው ስራ ትርፍ ጊዜ አለው።

ምናሌሽ ዶሮ ወጥ፣ ቅቅል፣ ጎመን፣ ሩዝና ሰላጣ ነው ብለሻል። እንጀራ ከውጭ ስለምታስመጡ ከሂሳቡ አወጣሁት። በእኛ ድስት ልክ እንየው። ለዶሮው ሽንኩርት መክተፍ በሦስት ሰው 45 ደቂቃ ይፈጃል። ያለ ዘይት ማቁላላቱ 90፣ ዘይትና በርበሬ ገብቶ እስኪበስል 40፣ ብልቱ ገብቶ 50፣ ከእሳት ወርዶ መከለሻና እንቁላል ገብቶበት እስኪረጋ 15። ድምሩ 240 ደቂቃ፣ ማለትም አራት ሰዓት ሙሉ ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ስትቆጥሪ በትክክል 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያርፋል። የምትጀምሩበት ሰዓት ራሱ ምንም መፈናፈኛ የለውም ማለት ነው። ሲሊንደር ለመቀየር አንድ ጊዜ ብትቆሙ አረፈዳችሁ።

አሁን ሌሎቹን እዪ። ዶሮ መበለትና ማጠብ በሦስት ሰው 120 ደቂቃ ቢወስድ፣ ብልቱ የሚፈለገው በ175ኛው ደቂቃ ነው። 55 ደቂቃ ትርፍ አለው። እንቁላሉ ከሦስት ሰዓት በላይ ትርፍ አለው። ጎመኑም ወረቀት ላይ እንደዚያው ነው። ታዲያ ኩሽና ውስጥ ከሁሉ የሚጮኸውና የሚራወጠው የትኛው ነው? ዶሮ የሚበልተው ቡድን። ኃላፊያችሁም ሁለቱን ሰዎች የሚጨምረው እዚያ ይመስለኛል። ቢጨምር ዶሮው ቶሎ ታጥቦ ሳፋ ላይ ቁጭ ብሎ ቁሌቱን ይጠብቃል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ጥሬ ዶሮ ሳፋ ላይ ባይቀመጥ ይሻላል።

እስካሁን ያልኩትን ማንኛውም ሰው ያስተምርሻል። የኩሽናው ጉድ ያለው ምድጃው ላይ ነው። አንዱን ምድጃ ከጠዋት ጀምሮ ለዶሮ ወጡ ብቻ ተዋችሁት እንበል። ቀሪውን ሁሉ ሁለተኛው ብቻውን ይሸከማል፦ እንቁላል 20፣ ቅቅል 120፣ ጎመን 40፣ ሩዝ 40። ድምሩ 220 ደቂቃ። ወረቀት ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ትርፍ አለው ያልነው ጎመን፣ ምድጃው ሲቆጠር የቀረው 20 ደቂቃ ነው! ስለዚህ ስራ ከስራ ጋር ብቻ ሳይሆን ተራ የሚጠባበቅበትን ዕቃም በሰንሰለቱ ውስጥ አስገቢ።

ይህን ካላየሽ የምታገኚው ትርፍ ግማሹ በእጅሽ ላይ ይጠፋል። ሽንኩርቱን ማታ ከትፋችሁ ብታሳድሩ እንበል። የዶሮ ወጡ ሰንሰለት ከ240 ወደ 195 ይወርዳል። 45 ደቂቃ አተረፍን ትላላችሁ። ግን ሁለተኛው ምድጃ አሁንም 220 ነው፤ ስለዚህ የምታተርፉት 20 ብቻ ነው። ረጅሙ ሰንሰለት ከሽንኩርቱ ወደ ቅቅሉ ዞሯል። ከዚያ ላይ የዶሮ መበለቱ ትርፍ ከ55 ወደ 10 ይወርዳል፣ ምክንያቱም ቁሌቱ ቀድሞ ይደርሳል። ሽንኩርት ከመክተፍ ነፃ የሆኑት ሦስቱ ሰዎች ዶሮው ላይ መሄድ ያለባቸው ያኔ ነው። አንድ ነገር በቀየራችሁ ቁጥር ስሌቱን እንደገና ስሩት። (የተከተፈ ሽንኩርት ያለ ፍሪጅ እዚህ አይደርም። ፍሪጅ ከሌለ ይህ አማራጭ አይነካካችሁ።)

እኔ የምመርጠው ሌላ ነው። ቁሌቱን ከነበርበሬው ማታ ጨርሱት። በደንብ የተቁላላ፣ ውሃ ያልገባበት ቁሌት ቀዝቅዞና ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት ሁለቱም ምድጃ ነፃ ነው። አንደኛው ላይ ጎመን ይቀድማል፣ 40 ደቂቃ። ቀጥሎ ቁሌቱን ማሞቅ 15። እስከዚያ ዶሮውን ስድስት ሰው ስለያዘው በአንድ ሰዓት ያልቃል። ብልቱ ገብቶ 50 ደቂቃ ይበስልና ይወርዳል፤ እሱ ሲረጋ ሩዙ ይጣዳል። ሁለተኛው ምድጃ እንቁላልና ቅቅል ብቻ ነው፣ 140 ደቂቃ። ሁሉም በ150 ደቂቃ ያልቃል። 4 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ 6 ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ። እኔ ግን 3 ሰዓት ተኩል ጀምሩ እላለሁ። ያ ግማሽ ሰዓት የሁሉም መጠባበቂያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ስራ አምስት አምስት ደቂቃ ከበተናችሁት ማንም ሳያየው ያልቃል።

ሰላጣው ለብቻው ይታሰብ። ቶሎ መጀመር ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ቲማቲምና ቃሪያ 4 ሰዓት ተከትፎ ከተቀመጠ ውሃ ይሆናል። ሰላጣ መጀመር ያለበት በመጨረሻው በሚቻለው ደቂቃ ነው። ገበያው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀፊራ በጠዋት ይሄዳል። ቀትር ላይ የረሳችሁትን ኮረሪማ ልግዛ ብሎ የሚወጣ ሰው ሱቁ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ድሬ እኮ ናት፣ አቦ።

ደቂቃዎቼን እንዳሉ አትውሰጂ። በስልካችሁ ለኩ፤ የምትለኩትም የትልቁን ድስት ይሁን። የቤት ድስት ላይ በ10 ደቂቃ የሚፈላ ውሃ ትልቁ ብረት ድስት ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያስጠብቅ ታውቂዋለሽ።

የስራው ፕሮግራም የተጻፈበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አንድ ደንብ አብሮ ይለጠፍ፦ ረጅሙ ሰንሰለት ላይ የቆመ ሰው ለምንም አይጠራም። ሳህን ቁጠሪ፣ ሹፌሩ መጥቷል፣ ጨው የት አለ የሚባለው ሁሉ ትርፍ ጊዜ ላለው ሰው ይሂድ። እድራችን ውስጥ ያሉ ባለሙያ እናቶች ወረቀት አያስፈልጋቸውም፤ ሁሉንም በጭንቅላታቸው ይዘውታል። ግን እነሱም ቢሆኑ ቁሌት ላይ ቆመው ሲጠሩ ዞር አይሉም።

ስለ ሐረር፦ የድሬን ሰዓት ይዛችሁ እንዳትወጡ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ከፍታው ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ድሬ በ96 ዲግሪ አካባቢ፣ ሐረር በ94 አካባቢ። ስለዚህ ስጋው እዚያ ዘግይቶ ይበስላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚረዝመው ደግሞ ቅቅሉ ነው። 140 የነበረው ሁለተኛው ምድጃ ከ10 ደቂቃ በላይ ቢጨምር ከ150 ያልፍና የማለቂያውን ሰዓት እሱ ሊወስን ይችላል። እንቁላሉን የምትቀቅሉበት አንድ የከሰል ምድጃ ይዛችሁ ውጡ፤ ቅቅሉ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይጣዳል።

ከድግሱ በፊት እዚያው ሐረር አንድ ድስት ቅቅል ሞክራችሁ ሰዓቱን ላኪልኝ። ሰንጠረዡን አብረን እናስተካክለዋለን።